ሳንቃ በሳንቃ፦ «አትላስ» በአናጢ ዓይን

ግሬፕሾት ጌምስ «አትላስ» የተባለውን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለኮምፒውተር ሲያወጣ ብዙ ተጫዋች ክፉኛ ነቅፎት ነበር። ሥራው ገና ያላለቀ ስለነበር ነቀፌታው አግባብ ነበረው። እኔ ግን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በርና ቁም ሣጥን የምሠራ አናጢ ነኝ፤ ጨዋታውን የምመዝነው በእንጨት ሥራው ነው። በዚህ ሚዛን እጅግ ወድጄዋለሁ።

አጀማመሩ አድካሚ ነው። ባዶ እጃችሁን ባሕር ዳርቻ ላይ ትገኛላችሁ፤ ትራባላችሁ፣ ትጠማላችሁ። ሆድ መሙላት እንኳ አይበቃም፤ የቫይታሚኖቹ ሚዛን ከተዛባ ሰውነት ይዝላል። ይህን ክፍል በትዕግሥት እለፉት። ደስታው የሚመጣው የመርከብ መሥሪያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሲተከል ነው።

መርከቡ አልቆ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ አጽሙ ብቻ ይቆማል። ከዚያ የጎኑን ሳንቃ አንድ በአንድ ትገጥማላችሁ፤ ወለሉን ታነጥፋላችሁ፤ ሸራና መሪ ትተክላላችሁ። መድፍ የሚወጣበት መስኮት ያለው ሳንቃ የት እንደሚገባ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሸራው ራሱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ለፍጥነት፣ ለመታጠፍ፣ ለጭነት። መርከቡ የሚሸከመው የሸራ መጠን የተወሰነ ስለሆነ አንዱን ስታበዙ ሌላው ይጎድላል። ደንበኛ ሰፊ መሳቢያም ጠባብ ቁም ሣጥንም በአንድ ጊዜ ሲያዝዘኝ የምገባበት ጭንቀት ይህ ነው፤ እዚህ ግን ጭንቀቱ ያስደስተኛል።

የዚህ ሁሉ ፍርድ የሚሰጠው በውጊያ ነው። እያንዳንዱ ሳንቃ የየራሱ ጉዳት አለው። የጠላት ጥይት አንዱን ሲሰብረው ውሃ በዚያ ይገባል፤ ሌላው ደህና ስለሆነ መርከቡ አይድንም። ስለዚህ አንዱ መሪ ሲይዝ ሌላው ታች ወርዶ ይጠግናል። እርጉማን የሚባሉት የሙታን መርከቦች ሲመጡ መድፋቸው በጎናቸው ስለተደረደረ ከጎናቸው መሸሽ፣ ነፋሱን አይቶ ከኋላቸው መቅረብ ይበጃል። መድፉንና ሸራውን የሚይዙ መርከበኞች በወርቅ ትቀጥራላችሁ፤ ደመወዛቸው ሲቋረጥ ያምፃሉ፣ ትክክልም ነው።

የባሕር ውንብድና ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ባቡራችን ወደ ጅቡቲ በሚወርድበት አቅጣጫ ባለው በባብ ኤል መንደብ የባሕር ሰርጥ እ.ኤ.አ. በ1695 እንግሊዛዊው የባሕር ወንበዴ ሄንሪ ኤቭሪ የሕንዱን የሞጉል መንግሥት መርከቦች አድፍጦ ጠብቋል፤ በኋላም «ጋንጅ ኢ ሳዋይ» የተባለውን ሀብታም መርከብ ማርኳል። ጨዋታው ይህን አይተርክም፤ ብሪጋንቲንና ጋሊዮን የተባሉት የዚያ ዘመን የመርከብ ዓይነቶች ግን በውስጡ አሉ።

ከድሬዳዋ ለምትጫወቱ አንድ ምክር አለኝ። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ መድፍ ተኩሶ ጥይቱ የት እንደወደቀ ዘግይቶ ማየት ውጊያን ያበላሻል፤ ስለዚህ ለብቻ የሚጫወቱበትን ክፍል ምረጡ። የፋይሉ መጠንም ግዙፍ ነው፤ ማውረዱን ሌሊት ጀምሩት። መርከብ ሥራውን ከጋሊዮን በምታንሰው በስኩነር ተማሩ። ጋሊዮን ብዙ መርከበኛ ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ወዳጅ ከሌላችሁ አትንኩት።