ለትንንሽ ልጆች የትኛው ጡንቻ ማላሊያ? ሳክስ፣ ሮክ፣ ቬክ፣ አትራ፦ ሰጥቼ ያየሁት

ወደ ማደንዘዣ ሙያ አዲስ የገቡ ባለሙያዎች ስለ ጡንቻ ማላሊያ (ለቀዶ ህክምና ጡንቻን ለጊዜው የሚያላላ መድኃኒት) ሲጠይቁኝ ሁሌ "የቱ ቶሎ ይይዛል" ነው የሚሉት፣ ለትልቅ ሰው ይሁን ግድ የለም፣ ለህፃን ሲሆን ግን እኔ መጀመሪያ የማየው የቱ በሰላም ይለቃል የሚለውን ነው። ህፃን ሳንባው ውስጥ የሚይዛት የኦክስጅን ስንቅ ትንሽ ናት፣ ዲያፍራሙም (ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) ቶሎ ይደክማል፣ ማላሊያው በደንብ ሳይለቀው የመተንፈሻ ቲዩቡ ከወጣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን መጠን) ሲወርድ ፋታ አይሰጥም።

ከሳክስ ልጀምር። ሳክሲኒልኮሊንን ሁሉም ይሰድበዋል ግማሹ ስድብም ይገባዋል፣ ግን በፍጥነት ማን ይደርስበታል፣ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ይይዛል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ጨቅላ 2 ሚሊግራም በኪሎ ነው የሚፈልገው፣ በ1 ልሸውደው ካልክ በደንብ አይላላልህም፣ የህፃን ሰውነት ከሴል ውጪ ያለው ውሃ ስለሚበዛ መድኃኒቱ ይቀጥንበታል። ላሪንጎስፓዝም (የድምፅ አውታሮች ድንገት ተኮማትረው አየር መዝጋት) መጥቶ የተከፈተ ደም ስር ከሌለህ ደግሞ 4 ሚሊግራም በኪሎ ጡንቻ ላይ ወግተህ ትወጣበታለህ። ጣጣው ልብ ላይ ነው። አንዴ ድጋሚ ዶዝ ሰጥተን ቲክ ቲክ ሲል የነበረው ሞኒተር ቲክ... ... ቲክ እያለ ሲራራቅ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ ከዚያ ወዲህ የልብ ምት የሚያፈጥነው አትሮፒን 20 ማይክሮግራም በኪሎ ሳይቀዳ ሳክስ አልነካም። የባሰው ደግሞ ጤነኛ የሚመስል ወንድ ልጅ ውስጥ ያልታወቀ የዱሼን ጡንቻ በሽታ ካለ ፖታሲየሙ ዘሎ ልብ ያቆማል፣ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ማስጠንቀቂያ ያስፃፈበት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ለኔ ሳክስ ለጭንቅ ቀን እንጂ ለየቀኑ አይደለም።

ሮኩሮኒየም 1.2 ሚሊግራም በኪሎ ከሰጠኸው ሳክስን ሊስተካከል ምንም አይቀረው፣ ለተራ ኬዝ 0.6 ይበቃል። ግን ያቃጥላል! ተኝቷል ያልኩት ልጅ ገና ሲገባለት እጁን ወደ ደረቱ መንጭቆ ካኑላውን (ደም ስሩ ውስጥ የገባችውን ቱቦ) ሊነቅለው ሲል ስንቴ አይቻለሁ፣ በደንብ እንቅልፍ ሳይወስደው አትስጡት። ከ1 አመት በታች ደግሞ ቆይታው ይረዝማል። ማስለቀቂያው ሱጋማዴክስ እጅህ ላይ ካለ ግን ሮክን የሚያህል የለም፣ ማላሊያውን ራሱን ይዞ ነው የሚያስወጣልህ።

ቬኩሮኒየም ዱቄት ስለሆነ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ልብ አይነካም፣ ሁሉም ይወደዋል እኔም እወደው ነበር። አንዲት የወራት ልጅ ለሄርኒያ ገብታ 0.1 ሚሊግራም በኪሎ ሰጠኋት፣ ሰርጀሪው 20 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ፣ ሰርጀኑ ጓንቱን አውልቆ ወጣ፣ እኔ የመተንፈሻ ባግ እየጨመቅኩ ቁጭ። ትልልቅ ልጆች ላይ ግማሽ ሰአት ገደማ የሚቆየው መድኃኒት ህፃን ላይ ከ1 ሰአት ያልፋል፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም።

ለየቀን ስራ የኔ ምርጫ አትራኩሪየም ነው፣ 0.5 ሚሊግራም በኪሎ። ጉበት አይል ኩላሊት አይል፣ በሰውነት ሙቀትና በደሙ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ራሱ ይፈርሳል፣ ለዚህ ነው ህፃኑም ላይ ትልቁም ላይ ሰአቱን የምትገምተው፣ ህፃኑ ከቀዘቀዘ ግን መፍረሱም ይዘገያልና አሙቁት። ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ቶሎ ከተገፋ ደግሞ ሂስታሚን (የአለርጂ ዓይነት ምልክት የሚያመጣ ንጥረ ነገር) አስለቅቆ ደረት ያቀላል፣ ቀስ በሉ። ሲስአትራኩሪየም ይሄ የለበትም ግን እስኪይዝ ያሰለቻል። ፓንኩሮኒየም ልብ ያስሮጣል፣ ረጅም ነው፣ አልፈልገውም። ሳክስን ይተካል ተብሎ በ1999 የመጣው ራፓኩሮኒየምማ ብሮንኮስፓዝም (የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ) አምጥቶ በ2001 ከገበያ ወጣ።

ማስለቀቂያው ላይ፣ ኒዮስቲግሚን 50 ማይክሮግራም በኪሎ ከአትሮፒን ጋር፣ ግን ጡንቻው ራሱ መመለስ ሳይጀምር አይሰራም። ነርቭ ስቲሙሌተር (ነርቭን በኤሌክትሪክ አራት ጊዜ ነክቶ የጡንቻውን ምላሽ የሚያሳይ መሣሪያ) ካለ የአራተኛው ምላሽ ከመጀመሪያው ጋር ያለው ሬሾ 0.9 ይድረስ፣ ከሌለ እግሩን እዩ፣ ህፃን ሁለቱን እግሮቹን ከአልጋው አንስቶ ከያዘ ደህና ምልክት ነው። ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ካኑላውን በሳላይን እጠቡት፣ እዚያ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ሪከቨሪ (ከቀዶ ህክምና በኋላ የሚያገግሙበት ክፍል) ላይ ሌላ መድኃኒት ሲገፋ አብራ ትገባለች፣ ለ3 ኪሎ ልጅ ደግሞ ጠብታ አይደለችም፣ ዶዝ ናት።