የኤክሴኪያስ አምፎራ ቅጂ ከአቴንስ ሲገዛ፦ ጥቁሩ ከእሳት የወጣ ነው ወይስ የተቀባ?

በአቴንስ ፕላካና ሞናስቲራኪ ሰፈሮች ባሉ ሱቆች ከሚሸጡት የጥንት ግሪክ ሸክላ ቅጂዎች አንዱ፣ የትሮይ ጦርነት ጀግኖች አኪሌስና አያክስ ጎንበስ ብለው የገበታ ጨዋታ ሲጫወቱ የሚያሳየው የጥንቱ አቴናዊ ሸክላ ሠሪና ሠዓሊ የኤክሴኪያስ አምፎራ (ባለ ሁለት ጆሮ እንስራ) ነው። ዋናው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ540 እስከ 530 ገደማ አቴንስ ውስጥ ተሠራ፤ የተገኘው ጣሊያን፣ ቩልቺ ላይ ሲሆን ዛሬ ያለው በቫቲካን ሙዚየም ነው። ቁመቱ 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቅጂዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በእጅ ሲያዙ ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው።

ርካሹ ዓይነት በቅርጽ ማውጫ ተቀድቶ፣ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ በአክሪሊክ ቀለም የተቀባ ነው። ለመደርደሪያ ጌጥ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው በጥንቱ መንገድ፣ በአንድ እሳት በሦስት ደረጃ የተቃጠለው ነው።

የዚህኛው ጥቁር ቀለም አይደለም፤ ራሱ አፈሩ ነው። ብረት የበዛበትን የአቲካ (የአቴንስ አካባቢ) አፈር በውሃ በጥብጠው ያስቀምጡታል፤ ሻካራው ሲዘቅጥ ከላይ የቀረውን ደቃቅ ጭቃ ወስደው ምስሉን ይሥሉበታል። ዕቃው እቶን ሲገባ መጀመሪያ አየር እየገባ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፤ ሁሉም ቀይ ይሆናል። ከዚያ የአየር መግቢያው ተዘግቶ እርጥብ እንጨት ይጨመርና ሙቀቱ ወደ 900 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ኦክስጅን ሲጠፋ ዕቃው በሙሉ ይጠቁራል፤ ደቃቁ ቅብ ደግሞ እንደ መስታወት ይጠነክርና ቀዳዳው ይደፈናል። በመጨረሻ ሙቀቱ እየወረደ አየር ሲገባ፣ ያልተቀባው አካል ኦክስጅን ስቦ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል፤ የተደፈነው ቅብ ግን እንደጠቆረ ይቀራል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቅቡ ከሳሳ ቡናማ ይሆናል፤ ከወፈረ ይላላጣል። ሁለተኛው ደረጃ በቂ ሙቀት ካላገኘ ቅቡ ስላልተደፈነ መልሶ ይቀላል። ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ አካሉም አብሮ ይደፈንና ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥቁሩ ላይ አንዲት ቀላ ያለች ነጥብ ብትታይ ዕቃውን መናቅ አያስፈልግም፤ በእቶን ውስጥ ዕቃ ከዕቃ ሲነካካ እንዲህ ያለ ምልክት ይቀራል፤ በጥንቶቹም ላይ ይታያል። ይልቅ ከአፍ እስከ መቀመጫ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ያጠራጥራል።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሁለቱ ጀግኖች ካባ ነው። ኤክሴኪያስ እነዚያን ፀጉር የመሰሉ ጌጦች የሠራው በሹል መሣሪያ ጥቁሩን ቅብ ጭሮ ነው፤ የሚታየው መስመር ከሥር ያለው የአፈሩ ቀለም ነው። በጥሩ ቅጂ ጥፍር ሲያልፍበት ጎድጎድ ማለቱ ይታወቃል። በርካሹ ግን መስመሩ ከጥቁሩ በላይ በብርቱካናማ ቀለም የተሠመረ ስለሆነ ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህ ብቻውን ብዙ ሱቅ ከመዞር ያድናል። ሻጩ ከፈቀደ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጥጥ ነክሮ መቀመጫው አጠገብ ማሸት ይበቃል፤ ከእሳት የወጣ ጥቁር አይለቅም። በአንገቱ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስፌት መሰል መስመር ካለ ዕቃው በቅርጽ ማውጫ የተቀዳ ነው።

ምስሉም ይመርመር። በዋናው ላይ በግራ ያለው አኪሌስ የራስ ቁሩን እንዳጠለቀ ነው፤ አያክስ ግን አውልቆ ከኋላው ጋሻው ላይ አስቀምጦታል። ከአፋቸው እንደወጣ ሆኖ ከአኪሌስ ዘንድ «አራት»፣ ከአያክስ ዘንድ «ሦስት» የሚል የግሪክ ጽሑፍ አለ። ማን እየመራ እንደሆነ የሚነግሩን እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው፤ እነሱን የዘለለ ቅጂ የሥዕሉን ነፍስ ጥሎታል። በጀርባው መንትዮቹ ካስቶርና ፖሊዴውኬስ ከወላጆቻቸው ከሌዳና ከቲንዳሬዎስ ጋር ይታያሉ፤ ጀርባውን በተራ ጌጥ የሞላ ቅጂ በግማሽ ዋጋ ካልሆነ አይገዛ። የሌዳ ቆዳ ነጭ መሆን አለበት፤ ምስሉ በጥቁር በሚሠራበት በዚህ የአሣሣል ስልት የሴት ቆዳ በነጭ ይቀባል።

ዕቃውን ለማንሳት አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላው ሆዱ ላይ ይሁን፤ በጆሮዎቹ አይንጠልጠል። ያልተቀባው ሸክላ ስለሚመጥጥ ውሃ ሞልቶ አበባ ማስቀመጫ ማድረግ አይመከርም።

በግሪክ ሕግ መሠረት ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጥሩ ቅጂ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ቅጂ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ደረሰኝ መቀበል፣ ከመቀመጫው ሥርም የሠሪው ምልክት መኖሩን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማየት ያስፈልጋል።