«መምህር አይደሉ እንዴ? ሳያነቡ ነው የገዙት?»

ዛሬ ከቀትር በኋላ አንዲት ወጣት ነጋዴ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው አድርጋ ከቢሮዋ አስወጣችኝ። ቁጣዬ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብዬ እተወዋለሁ፤ እነርሱም የሚኖሩት እንዲህ እያልን በምንተውላቸው ነው።

ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ይህንን ባታውቁ ወንድሙን ታውቃላችሁ። ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ነው። ሐኪም ሳይሆኑ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች አሉ። እጅ ሲያስጨብጡት ጉበቱንም፣ ኩላሊቱንም፣ ስኳሩንም በሁለት ደቂቃ «የሚያነብ» መሣሪያ አለ። ከዚያ «ዛሬ ከከፈሉ ሦስተኛው ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ነው» ይመጣል። እኔን የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እርሱንም አምኖ ስለሆነ አልወቅሰውም።

እናቴ ስኳር ካመማት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። የሸጡልን «ከዕፅዋት የተገኘ ፔፕታይድ» የሚል በትልቁ የተጻፈበት እንክብል ነው፤ ሦስት ጠርሙስ በ18,600 ብር። ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ፕሮቲን ጨጓራ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጭ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያነሳሁት ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። «ፔፕታይድ ማለት አጭር ፕሮቲን ነው። ሲዋጥ እንደ ሥጋው፣ እንደ ሽሮው ተፈጭቶ አይቀርም ወይ? ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በመርፌ የሚሰጠው ለዚህ አይደለም ወይ?» አልኳት። «አማካሪ» የሚሏት ይህችው ነጋዴ ፈገግ አለች። «ጎበዝ መምህር! ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም» አለችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። የተያዝኩት ያን ጊዜ ነው።

ምክንያቱም ቀጥላ የነገረችኝ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሎሬንትስ ግራን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ኮንጎ ውስጥ ሲሠራ፣ ሴቶች ምጥ እንዲፋጠንላቸው ካላታ-ካላታ የሚሉትን ተክል አፍልተው ሲጠጡ አየ። መርምሮም ማሕፀንን የሚያኮማትር ፔፕታይድ አገኘበት። ፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጨጓራ አልፎ የሚሠራ! እ.ኤ.አ. በ1995 የአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምሥጢሩን አሳዩ። 29 አሚኖ አሲዶቹ ጫፍና ጫፋቸው ተገናኝቶ ቀለበት ሠርተዋል፤ በመካከሉም ሦስት የሰልፈር ማሰሪያዎች ተቆላልፈው ቋጥረውታል። ከጫፍ ጀምሮ የሚቆርጥ ኢንዛይም የሚይዘው ጫፍ አያገኝም፤ ቋጠሮውም በቀላሉ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የቪየና ተመራማሪዎች የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ ፔፕታይድ በሰው ህዋስ ላይ ያለውን የኦክሲቶሲን (ማሕፀንን የሚያኮማትረው ሆርሞን) ተቀባይ እንደሚያነቃ አሳተሙ። ተክሉ ከቡና ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑንም ሳትረሳ ነገረችኝ። «እኛም አክሊሉ ለማ አለን፤ አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ አይደል የጀመረው?» ስትለኝ ልቤ ሞቀ። አገሬንና ሙያዬን በአንድ እጅ ያዘችብኝ።

ከዚያ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀይር «የእኛ ፔፕታይድ ደግሞ የኢንሱሊንን ተቀባይ ይከፍታል» አለች።

እውነቱ ያለቀው እዚያ ላይ ነው፤ ውሸቱም የጀመረው እዚያው ነው። ስፌቱ አልታየኝም። ማታ ማታ እየተነሳሁ የማስበው ይህንን ነው። የኦክሲቶሲን ተቀባይና የኢንሱሊን ተቀባይ ምን አገናኛቸው? አንዱ ምጥን ያፋጥናል፣ ሌላው ስኳርን ወደ ህዋስ ያስገባል፤ በቅርጽም በአሠራርም የተለያዩ ናቸው። አንድ ቁልፍ አንድ በር ከፈተ ማለት የጎረቤትን በር ይከፍታል ማለት አይደለም። የቪየናዎቹ ሰዎችም መድኃኒት አገኘን አላሉም። ተክሉን እንደ ንድፍ ተጠቅመው በቤተ ሙከራ ኦክሲቶሲንን የሚመስል ባለ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ሠሩ፤ መነሻ አገኘን ነው ያሉት። ከመነሻ እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ መጠኑ፣ ጉዳቱ፣ በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው። ይኸው የካላታ ፔፕታይድ በቤተ ሙከራ ቀይ የደም ህዋሳትን እንደሚያፈነዳም ይታወቃል፤ ተክሉ ለራሱ የሚጠቀምበት የሚበሉትን ነፍሳት ለመከላከል ነውና። በአፍ የሚዋጠው የስኳር ሕመም ፔፕታይድ፣ ሴማግሉታይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ እንኳ፣ እንዲዘልቅ የሚረዳ ሌላ ንጥረ ነገር ተጨምሮለት ወደ ደም የሚገባው ከተዋጠው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ቀድሜ ማንበብ እችል ነበር። ያነበብኩት ግን ከፍዬ፣ እናቴ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው።

አዎ፣ ተኛች። «ኪኒኑን በግማሽ ይቀንሱላቸው፤ ሁለቱ አብረው ሲበዙ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል» አለችን አማካሪዋ። ቀነስን። ቀናሹ እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ኪኒኑን በቢላዋ ለሁለት እየከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ውኃ አልጠግብ አለች፤ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ትነሳለች። ስኳሯን ስንለካ 396። ተረኛዋ ሐኪም «ምን ቀየራችሁ?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ አየችኝና ዝም አለች። ልጄ እንዳያፍር ብላ ነው። ያ ዝምታ ከተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ዛሬ የተረፉትን ሁለት ጠርሙሶች ይዤ ሄድኩ። ያቺው አማካሪ፣ ያው ጋዋን። ገንዘቤን መልሱ አልኩ፤ እናቴ ምን እንደሆነች ነገርኳት። አልተደናገጠችም፤ «እማማ ተሻላቸው?» ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች፣ ገለበጠችው፣ ከባርኮዱ ሥር ጥፍሯን አሳረፈች። «እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለች። መነጽሬን አወጣሁ። የጉንዳን እግር የሚያህል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። «ጮክ ብለው» አለች። አነበብኩ፤ ተማሪ ሰሌዳ ፊት እንደሚያነበው። ምርቱ መድኃኒት አይደለም፣ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከምም ሆነ ለመከላከል የታሰበ አይደለም ይላል። ከበላዩ የይዘቱ ዝርዝር አለ፦ የሩዝ ዱቄት፣ ቀረፋ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ጄላቲን። ከፊት ለፊት በወርቃማ ቀለም የተጻፈው ፔፕታይድ የሚለው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ኪኒን ቀንሱ ያላችሁን እናንተ ናችሁ» አልኳት።

«ማን አለዎት? የተጻፈ ነገር ይዘዋል?» አለች። ቀጥላም በዙሪያዋ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «መምህር አይደሉ እንዴ? ሳያነቡ ነው የገዙት?» አለችኝ። ከኋላዋ ጋዋን የለበሱት ሁለት ልጆች ሳቁ። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ቆመ። «ጎበዝ መምህር» ያለችኝ አፍ ያው አፍ ነው። ሙያዬን ሲያስገቡኝ መንጠቆ አደረጉት፤ ሲያስወጡኝ ዱላ።

ምክር ለመስጠት አቅሙም ፊቱም የለኝም። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በመድኃኒትነት መመዝገቡን ጠይቁ፤ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ሐኪሙ ሳያውቅ አትንኩ።

ግን ዋናውን አልጻፍኩም። መጀመሪያ የገዛሁ ዕለት አጠገቤ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ነበረች። በእርግዝናዋ ምክንያት ስኳሯ ከፍ ብሎ ነው የመጣችው። ለእርሷም ያንኑ የካላታ ታሪክ፣ ስለ ምጡ ያለውን ብቻ ዘለው፣ ነገሯት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሩዝ ዱቄት ከሆነ ዘርፈዋታል። ያሉት ነገር በእርግጥ ካለበት ደግሞ፣ ማሕፀን የሚያኮማትር ነገር ለነፍሰ ጡር ሸጠዋል። ኦክሲቶሲን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ በየጤና ጣቢያው ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው መርፌ እርሱ ነው። እያወቅኩ አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን ደረሰኝ ስጠብቅ ዝም አልኩ። ሁለት ጠርሙስ ገዛች።

እህቴ፣ ስምሽን አላውቅም። ከመገናኛ በታክሲ እንደመጣሽና የመጀመሪያ ልጅሽ እንደሆነ ለአማካሪዋ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ እንክብሉን አቁሚ፤ ጠርሙሱን ይዘሽ ወደምትከታተይበት ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ስንት እንደወሰድሽም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የሚያውቃት ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ አድርሱላት።