«አልሸጥልዎትም» ያለችኝን ፋርማሲስት ላመስግናት

ይህን ጽሁፍ ከጻፍኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሳላወጣው የቆየሁት አፍሬ ነው። ስለ ወር አበባና ስለ ማረጥ በአደባባይ ማውራት ለእኔ ዕድሜ ሴት ቀላል አይደለም። ግን ምን እንዳደረገችልኝ ሳልናገር «እግዜር ይስጥልኝ» ብል ማን ይገባዋል?

47 ዓመቴ ነው። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወር አበባዬ ቀኑን መሳት ጀመረ። አንዴ በ20 ቀን ይመጣል፣ አንዴ ሁለት ወር ይጠፋል። ሌሊት ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ። ከሁሉም የባሰው ግን ጠባዬ ነው። አንድ ልጅ ማስመሪያ ረስቶ መጣ ብዬ የጮህኩት ጩኸት ከጎን ያለውን መምህር ከክፍሉ አስወጥቶታል።

ቨርጂኒያ ለምትኖረው እህቴ በስልክ ነገርኳት። «እኔንም እንደዛ አድርጎኝ ነበር፣ ናቹራል ነገር እልክልሻለሁ» አለችኝ። በሰው ሻንጣ ላከችልኝ። ጠርሙሱ ላይ አበባ ተስሏል፤ አበባ ያለበት ነገር ምን ይጎዳል አልኩና ሰባት ወር ዋጥኩት። ላቡ ብዙም አልቀነሰም። ጠባዬ ግን ረገብ አለ፣ ቢያንስ ሰው አልበላም ነበር።

ከዚያ የሚቀጥለውን ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ሻንጣው ኪሎ አለፈበትና ጠርሙሶቼ እዛው ቀሩ። እኔም «ከቫይታሚን አይለይ፣ ቢቋረጥ ምን ይመጣል» ብዬ ተውኩት።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንድ ማታ ሽሮው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። እኔ ማማሰያውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰው የሞተ ያህል ነው የምላችሁ። ልጄ ሮጣ መጥታ ምድጃውን አጠፋችና «እማዬ፣ ሽሮ ነው እኮ» አለችኝ። ባሰብኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት «ውሃ ላምጣልሽ?» አለኝ። ለዚህ ደግሞ ተቆጣሁት። እንቅልፍ ጠፋ፣ ከአልጋ ስነሳ ያዞረኛል፣ ልቤ በትንሽ ትልቁ ይመታል። እናቴ ጸበል ግቢ አለች። ገባሁም፤ ለዚያ እምነት አለኝ።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀሞ ወዳለችው ፋርማሲ ገባሁ። የግፊት መድኃኒቴን የምገዛባት ናት፣ ግን ልጅቷን ከሒሳብ በቀር አናግሬያት አላውቅም። «እንቅልፍ የሚያስተኛ ነገር ስጪኝ» አልኳት። ሌላ ቦታ ቢሆን እንቢ ካሉኝ በሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። ያልሄድኩት ጥያቄዋ ስለያዘኝ ነው። «በቅርብ የጀመሩት ወይም ያቆሙት መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ። መድኃኒት ብላ ነዋ የጠየቀችኝ።

«ከሰው የተላከ፣ ቅጠል፣ ሻይ፣ ቫይታሚን?»

ነገርኳት። «ግን እሱ ናቹራል ነው» አልኩ። ሳቅ አለችና «ኮሶም እኮ ናቹራል ነው» አለችኝ። ከዚያ «የእንቅልፉን አልሸጥልዎትም፣ የሐኪም ወረቀት ይፈልጋል። ጠርሙሱን ነገ ያምጡልኝ» አለች።

ባዶውን ጠርሙስ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ያችን የጉንዳን እግር የምታህል ጽሁፍ ጣቷን እያስከተለች አነበበች። ሁለት ነገር ነው የተቀላቀለበት። አንዱ ብላክ ኮሆሽ፣ ለሙቀቱ ይሁን ብለው ሴቶች የሚወስዱት። ሁለተኛው ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል አበባ ነው፣ ለድብርት የሚወሰድ። ጣቷ እዚህች ጋ ቆመ። «የግፊት መድኃኒትዎ አምሎዲፒን ነው አይደል? መጠኑ ተጨምሮልዎት ነበር?»

እንዴት አወቀች? ከአምስት ወር በፊት ግፊቴ አልወርድ ብሎ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ተደርጎልኝ ነበር። ያኔ ሐኪሙ «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ሲለኝ የለም ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እንዲህ አስረዳችኝ። ይህ አበባ ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብርበትን ፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ ኪኒኑን እየዋጥኩ ከፊሉ ሥራው ላይ ሳይደርስ ያልቅብኝ ነበር። አበባው ሲቆም ጉበት በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ድሮው ይመለሳል። ያኔ ያ 10 ሚሊግራም በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። ክንዴ ላይ መለኪያውን አሰረችው። 98 በ60፤ ግፊቴ ወርዷል። ማዞሩ ይሄ ነበር! የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ የኤችአይቪ መድኃኒትም በዚሁ አበባ ኃይላቸው ይቀንሳል አለችኝ። ይህን ለምታውቋቸው ንገሩ።

ስለ ስሜቴ ስትነግረኝ ሁሉንም በጠርሙሱ አላላከከችም። ለወራት የተወሰደ እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ሲቆም ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ቀስ እያሉ መቀነስ ይሻል ነበር። ከሥሩ ያለው ግን የዕድሜዬ ለውጥ ነው። እኔ ሆርሞን በዚህ ዕድሜ ቀስ እያለ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፣ እንደ ሻማ። ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ግን እንደ ሰፈራችን መብራት ነው፤ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ይመጣል። ስሜትም እንቅልፍም አብሮት ይናጣል። ማረጥ ራሱ የሚባለው 12 ወር ሙሉ ወር አበባ ሳይታይ ሲቀር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ። እስከዚያ ማርገዝም ይቻላል። ይህን ስትለኝ ደነገጥኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መኖር የሚያስጠላዎት ጊዜ አለ?» አለችኝ። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ራሴን ላጥፋ ብዬ አላውቅም። ግን ባይነጋ ደስ ይለኛል ብዬ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ነገርኳት። አልተደናገጠችም፣ አልመከረችኝም። ወንበር አቀረበችልኝ፣ ባለቤቴን አስጠራችኝ፣ «ይህን ለሐኪሙ ልክ እንደነገሩኝ ይንገሩት» ብላ ሁሉንም በወረቀት ጻፈችልኝ። የኪኒኑን መጠን ግን ራሷ አልነካችም። «ያዘዘው ሐኪም ነው የሚቀንሰው፣ ዛሬውኑ ይሂዱ» አለች።

ሐኪሙ ወደ 5 መለሰው። የማህፀን ሐኪሟ ደግሞ እርግዝና፣ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዳለ ለማየት መረመረችኝ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዛባ ይህንኑ ይመስላል አለች። የሆርሞን ምርመራ ልክፈል ብላት በእኔ ዕድሜ ቁጥሩ ከቀን ቀን ስለሚቀያየር ብዙ አይነግረንም ብላ ብሬን አተረፈችልኝ። ምን እንዳዘዘችልኝ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ለእህቴ የሆነውን ገልብጬ አይደል እዚህ የደረስኩት?

ፋርማሲስቷ ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ትላለች። እሺ፣ አልጻፍኩም። ግን ልብ በሉ፣ ያን ቀን ከእኔ አንድ ብር አልወሰደችም። የግፊት መለኪያውን እንኳ አላስከፈለችኝም። በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳ ያላችሁ እህቶች ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የከሰዓት ፈረቃ ናት፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ትገኛለች። ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣውም፣ ጎረቤት የሰጠችው ሻይም ይቆጠራል። ሰልፍ ካለ ጠብቋት፣ ከአንድ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ ታወራለች።