የኦንላይን የሒሳብ ክለሳ ለፈተና ተማሪዎች፦ ከጥቅሉ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣው የቱ ነው?

ፈተና ሲቃረብ ወላጅን ከሚያሳድዱት ማስታወቂያዎች መካከል በኦንላይን የሚሰጥ የሒሳብ ክለሳ ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛል። ሴት ልጄ ለማጠቃለያ ፈተና ስትዘጋጅ ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱን በክፍያ ተጠቅማበታለች፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ ስከታተል ስለቆየሁ እያንዳንዱን ክፍል ለመመዘን እሞክራለሁ። የድርጅቱን ስም የተውሁት ሆን ብዬ ነው፤ የዚህ ገበያ አቅራቢዎች የሚሸጡት ጥቅል እርስ በርሱ እጅግ ስለሚመሳሰል፣ እዚህ የማነሳው ነገር ሌላ አቅራቢ ለሚመርጥ ወላጅም ያገለግላል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ክፍያ የሚገባው ተማሪዋ በወረቀት የሠራችውን መስመር በመስመር አይቶ የሚያርም ሰው ያለበት ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ወይ በነጻ ይገኛል፣ ወይ ደግሞ የተማሪዋን ጉድለት ከመሙላት ይልቅ የወላጇን ጭንቀት ለማስታገስ የተዘጋጀ ነው።

ጥቅሉ የሚጀምረው በመነሻ ምዘና ሲሆን፣ በዚህ በኩል አዘጋጆቹ ሥራቸውን ዐውቀው ሠርተዋል። ልጄ የምትፈራው ትሪጎኖሜትሪን ነበር፤ ምዘናው ግን ድክመቷን ከብዙ ዓመታት በፊት በተማረቻቸው በክፍልፋይና በኔጌቲቭ ቁጥሮች ላይ አገኘው። የሒሳብ ጠባይ እንዲህ ነው። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምር ሲባል ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ ሁለት አምስተኛ የሚጽፍ ተማሪ፣ ድምሩ ከተደማሪው ከአንድ ሁለተኛ አንሶ መገኘቱ ካላስደነገጠው፣ ነገ ፊደል ያለባቸው ክፍልፋዮች ሲመጡለት ያንኑ ስሕተት በአልጀብራ አልብሶ ይደግመዋል፤ ሰውም አልጀብራ አይገባውም ይለዋል። ምዘናው ሥሩን ፈልጎ ማግኘቱ ያስመሰግነዋል። የሚያሳዝነው፣ ከምዘናው በኋላ የቀረበልን የጥናት መርሐ ግብር ከውጤቱ ጋር እምብዛም የሚተዋወቅ አልነበረም፤ ክፍልፋይ በዝርዝሩ ውስጥ ቢኖርም በአንድ አጭር ቪዲዮ ታልፎ ወዲያው ወደ ግራፍ ተሻግሯል።

ቪዲዮዎቹ ግልጽ ናቸው፤ አስረጂው አይቸኩልም፣ ጽሑፉም ይነበባል። ይሁን እንጂ ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘመዱን በርቀት በማስጠናት የጀመረውና በ2008 በትርፍ አልባ ድርጅትነት የተቋቋመው ካን አካዳሚ ከመሠረታዊ ስሌት እስከ ካልኩለስ ያሉትን ትምህርቶች ከነማለማመጃቸው በነጻ ይሰጣል። ግራፍ ስሎ ለማየትም ጂኦጄብራና ዴስሞስ ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። ስለዚህ አንድ ድርጅት የቪዲዮዎቹን ብዛት እንደ ዋና መሸጫው ሲያቀርብ፣ ወላጅ ይህን ቁጥር ከሒሳቡ ውስጥ አውጥቶ የቀረውን ቢመዝን ይሻላል።

ረዘም አድርጌ ልመለከተው የምፈልገው የማለማመጃ ጥያቄዎቹን አደረጃጀት ነው። እያንዳንዱ ርዕስ ከጎኑ አረንጓዴ መስመር አለው፤ ተማሪዋ ቪዲዮውን አይታ ወዲያው በዚያው ርዕስ የቀረቡትን ጥያቄዎች ስትመልስ መስመሩ ይረዝማል፣ ሲሞላም ርዕሱን ችለሽዋል የሚል የደስታ መልእክት ይመጣል። የተለካው ግን ከደቂቃዎች በፊት የታየን አሠራር የመድገም ችሎታ ነው። ስለ ኳድራቲክ እኩልታ ቪዲዮ ካየች በኋላ የኳድራቲክ ጥያቄዎች ብቻ ተደርድረው ሲቀርቡላት፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው፣ ማለትም የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ መለየት፣ አስቀድሞ ተሠርቶላታል። ፈተና ላይ የሚመጣ ጥያቄ ደግሞ የምዕራፉን ስም ግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም።

ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል። የኮሌጅ ተማሪዎች የአራት እምብዛም የማይታወቁ ጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ሲማሩ፣ አንደኛው ቡድን የእያንዳንዱን ቅርጽ ጥያቄዎች ለየብቻ፣ ሌላው ደግሞ የአራቱንም አደባልቆ እንዲሠራ ተደረገ። በልምምዱ ወቅት ለየብቻ የሠሩት 89 በመቶ፣ አደባልቀው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ሲያሽቆለቁሉ፣ ሁለተኛዎቹ 63 በመቶ አስመዘገቡ። የከፈልንበት አገልግሎት በአረንጓዴው መስመር የሚያሳየን እንግዲህ ያንን 89 በመቶ ነው። ለነገሩ የተደባለቀ ልምምድ የሚል ቁልፍ በጥቅሉ ውስጥ አለ፤ የሚገኘው ግን በማስተካከያ ገጹ ውስጥ ጠልቆ ሲሆን፣ ሲበራም የልጄ መስመሮች ወዲያው አጠሩ። ድርጅቱ ቁልፉን ለምን ከዓይን እንዳራቀው መገመት አያዳግትም፤ ውጤት ሲወርድ የሚያይ ወላጅ ክፍያውን ያቋርጣልና። ይህን አገልግሎት አስቀድመው የገዙ ወላጆች ዛሬውኑ ሊያደርጉ የሚችሉት ትልቁ ማሻሻያ ይህን ቁልፍ ፈልጎ ማብራትና በሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር አለመደንገጥ ነው።

ሌላው ጉድለት ጥያቄዎቹ በሙሉ የምርጫ መሆናቸው ነው። ባለ አራት አማራጭ የሆኑ 40 ጥያቄዎችን ምንም ሳያነብ በዘፈቀደ የሞላ ተማሪ በአማካይ 10 ያገኛል፤ ትንሽ ብልጠት የጨመረ ደግሞ እኩልታውን ሳይፈታ አማራጮቹን አንድ በአንድ መልሶ በማስገባት ትክክለኛውን ይለያል። (በእውነተኛ የምርጫ ፈተና ይህ ደህና ብልሃት ነው፣ አልነቅፈውም፤ እኩልታ መፍታትን ግን አያስተምርም።) ከዚህም በላይ ኮምፒውተሩ የሚያየው የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። የሦስትንና የአራትን ድምር ስኩዌር አድርግ ሲባል አንዱ 9ንና 16ን ደምሮ 25 ቢል፣ ሌላው ደግሞ 7ን በ7 ማባዛት እንዳለበት ዐውቆ በችኮላ 48 ቢጽፍ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ምልክትና አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይደርሳቸዋል። የመጀመሪያው ግን ሕጉን አያውቅም፣ ሁለተኛው ያውቃል፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ከርት ቫንሌን እ.ኤ.አ. በ2011 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያነጻጽር፣ የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያርሙ የኮምፒውተር አስጠኚዎች ያለ አስጠኚ ከመማር አንጻር ያስገኙት መሻሻል በአማካይ 0.31 ስታንዳርድ ዴቪየሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) ሲሆን፣ እያንዳንዱን የአሠራር እርምጃ የሚከታተሉት 0.76፣ ሰው አስጠኚዎች ደግሞ 0.79 ሆኖ አግኝቶታል። ከዚህ እንደምንረዳው ማሽን መሆኑ በራሱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው እርማቱ መልሱ ላይ ቆሞ ወደ አሠራሩ አለመዝለቁ ነው። የድርጅቱ ማስታወቂያ ግን የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 በአስጠኚ በተማሩና በመደበኛ ክፍል በተማሩ ተማሪዎች መካከል አለ ብሎ ያቀረበውን የሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ልዩነት መጥቀስ ይወዳል። ያ ውጤት የተገኘው አንድ አስጠኚ ለአንድ ወይም ለጥቂት ተማሪዎች ተመድቦ መሆኑን ስለማይናገር፣ የሌላውን ሥራ ለራሱ ቪዲዮዎች ማስመስከሪያ ማድረግ ይመስላል።

ወደ ጽሑፍ እርማቱ ስመጣ አነጋገሬ ይለወጣል። ተማሪዋ ከቀድሞ ዓመታት ፈተናዎች የተመረጡ ጥያቄዎችን በወረቀት ሠርታ፣ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልካለች፤ አራሚው በፎቶው ላይ ጽፎ ይመልሳል። አንድ መጠን በ20 በመቶ አድጎ እንደገና በ20 በመቶ ቢቀንስ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ልጄ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብላ ጻፈች። አራሚው መልሱን አልነገራትም፤ ከመስመሩ ጎን ሁለተኛው 20 በመቶ የምን 20 በመቶ ነው ብሎ ጠየቃት። መልሳ ስትሠራው 100 ወደ 120 አድጎ፣ ከ120 ላይ 24 ተቀንሶ 96 እንደሚቀር ራሷ ደረሰችበት፤ ከዚያ ወዲህ መቶኛ ባየች ቁጥር የምን መቶኛ እንደሆነ ከጎኑ መጻፍ ልማዷ ሆኗል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላው ነው። አራሚው በእኩልታም፣ በግራፍም፣ በጂኦሜትሪም የላከቻቸውን ወረቀቶች አስተያይቶ፣ ነጥብ የምታጣበት ምክንያት በሦስቱም አንድ መሆኑን ደረሰበት፦ ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ሲኖር ምልክቱን ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ትሰጠዋለች። ከ10 ላይ በቅንፍ ያለውን 3 ሲቀነስ 5 ቀንሺ ስትባል 12 ማግኘት ሲገባት 2 ትጽፋለች። ጥያቄን በርዕስ ከፋፍሎ የሚያርመው ኮምፒውተር ይህን እንደ ሦስት የተለያዩ ድክመቶች ቆጥሮ ሦስት ቪዲዮ ያዛል።

እርማቱም ቢሆን እንከን አያጣም። በሁለት ቀን ይመለሳል የተባለው ወረቀት ፈተናው ሲቃረብ፣ ማለትም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ እየዘገየ ሄዷል። በወር የሚታረሙት ወረቀቶች ቁጥርም የተገደበ ነው፤ ይህ ገደብ ደግሞ በማስታወቂያው ላይ በጉልህ አልተጻፈም። አራሚው በመሀል ሲቀየር አዲሱ የቀድሞውን ማስታወሻ የሚያይበት መንገድ ያለ አይመስልም፤ ስለ ቅንፉ የተደረሰበት ነገር እንደ አዲስ መነገር ነበረበት።

በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጠው የቀጥታ ክፍለ ጊዜ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ተማሪው ብዙ፣ አስተማሪው አንድ ነው፤ የሚጠይቁት ሁልጊዜ እነዚያው ደፋሮች ናቸው፤ የተቀሩት ካሜራቸውን ዘግተው ያዳምጣሉ፣ ወይም የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

ለወላጅ የሚላከው ሳምንታዊ ሪፖርት ግን ከጠቃሚነቱ ይልቅ ጎጂነቱ ያመዝናል ብዬ እፈርዳለሁ። የሚዘረዝረው ልጅቱ ስንት ደቂቃ እንደቆየች፣ ስንት ቪዲዮ እንደከፈተች፣ ከሌሎች ተማሪዎች መካከል ስንተኛ እንደሆነች ነው። ደቂቃ ስለ ሒሳብ አይናገርም፤ ደረጃው ደግሞ የማናውቃቸውን ልጆች አምጥቶ በእራት ሰዓት መነታረኪያ ያደርጋቸዋል። ኤሪን ማሎኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ሒሳብን በጣም የሚፈሩ ወላጆች ልጆቻቸውን በቤት ሥራ አዘውትረው ሲረዱ ልጆቹ በትምህርት ዓመቱ የሚጨምሩት የሒሳብ ዕውቀት አንሶ፣ ፍርሃታቸውም በርትቶ ተገኝቷል። ጥናቱ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን የተመለከተ ቢሆንም፣ የወላጅ ጭንቀት ወደ ልጅ እንደሚጋባ ለመረዳት ለፈተና የተቀመጠች ልጅ ያለችበትን ቤት ማየት ይበቃል። ሪፖርቱን ከኢሜይሌ አዘግቼ በምትኩ አንድ የታረመ ወረቀት በሳምንት እንድታሳየኝ ተስማማን፤ ስለ ሁኔታዋ ከዚያ የተረዳሁት ከሪፖርቶቹ ሁሉ ይበልጣል።

ይህ አገልግሎት የሚስማማው ትምህርቱን በመጠኑ ለሚከታተል፣ ነገር ግን ነጥብ የሚያጣበትን ምክንያት ለማያውቅ ተማሪ ነው፤ እርማቱ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተሠርቶ ፍሬ እንዲያፈራ ደግሞ ከፈተናው በፊት ወራት ያስፈልጋሉ። ሳምንታት ብቻ ለቀሩት ተማሪ የቀድሞ ፈተናዎችን በሰዓት ገድቦ መሥራት፣ ከዚያም ወረቀቱን ይዞ የክፍሉን አስተማሪ መጠየቅ፣ ከዚህ ጥቅል የተሻለ ነገር ያስገኝለታል። ለመግዛት የወሰነ ወላጅ እርማቱ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ገጹ ላይ ባይታይም ሲጠየቁ የሚፈቅዱ አቅራቢዎች አሉ። ውጤት ካልተሻሻለ ገንዘብ እንመልሳለን የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ የእኛው አቅራቢ ቪዲዮዎቹ በሙሉ መታየታቸውንና የቀጥታ ክፍለ ጊዜ አለመቅረቱን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ በውሉ መጨረሻ አስፍሮት ነበር።

የነጻ ሙከራው የባንክ ካርድ ስለሚጠይቅና ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ወደ ክፍያ ስለሚሸጋገር ማብቂያውን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ለማቋረጥ በገጹ ላይ ቁልፍ የለም፤ ኢሜይል ተጽፎ መልስ ይጠበቃል። አገልግሎቱ ሲዘጋ የታረሙት ወረቀቶች አብረው ስለሚዘጉ፣ ኢሜይሉን ከመላክ በፊት እያንዳንዱን ወረቀት ከነማስታወሻው ማውረድና ማተም ይገባል፤ ልጄ በመጨረሻው ሳምንት ያጠናችው ከእነዚያ ወረቀቶች ነው።