አባ ቁጣን ወደ ሰፊ ቤት ላዛወረልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለፈላጊም ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛ ወይ ኤሌክትሪሺያን ጠቁሙኝ ብትሉ ስልክ የሚሰጣችሁ አታጡም። ዓሣ የሚያውቅ ሰው ጠቁሙኝ ስትሉ ግን ይሳቅባችኋል። እኔም ተስቆብኛል። ስለዚህ ያገኘሁትን ባለሙያ ለብቻዬ ይዤ ከምቀመጥ ለምትፈልጉት ልጠቁም፣ በዚያውም ላመስግነው ብዬ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤታ ዓሣ ነው። ወንድሜ ለልጄ በስጦታ ያመጣላት፣ ሰውነቱ ሰማያዊ፣ ክንፉ ቀይ፣ መስታወት ሲያሳዩት ስንጥቡን ነፍቶ ለጠብ የሚነሣ። ወንድሜ የጥንት መኳንንትን የፈረስ ስም አስታውሶ "አባ ቁጣ" አለው፣ በዚያው ጸና። ሲመጣ የነበረው ሁለት ሊትር በማይሞላ ክብ ጎድጓዳ ብርጭቆ ውስጥ ነው። የሸጡለት ሰዎች "ይሄ ዓሣ ጠባብ ቦታ ነው የሚወደው፣ ምንም አይፈልግም" ብለው ነው የሸኙት። እየቆየ የክንፉ ጫፍ መበላት፣ እሱም ከታች ተኝቶ መዋል ጀመረ። ልጄ ልደቷ ሲደርስ ለራሷ ምንም አልፈልግም፣ ለአባ ቁጣ ትልቅ ቤት ግዙለት አለች። ያኔ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ። ገርጂ አካባቢ የዓሣ ገንዳ በልክ ይሠራል፣ ቤት ለቤት እየሄደም ያጸዳል፣ ይጠግናል።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ስለ ውሃ ይጠይቀኝ ጀመር። ውሃው በፈረቃ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ከቧንቧው ነው የምትቀዱት ከሮቶው? ሮቶው ሲሞላ ባሉት ቀናት በረኪና በረኪና ይሸታል? ከዚያ "የውሃ ማፍያችሁን ልይ" አለኝ። ሰው ቤት ገብቶ የማንቆርቆሪያ ሆድ የሚያይ ባለሙያ አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ ሰጠሁት። ውስጡ የተጋገረውን ነጭ ነገር በጣቱ ፋቅ ፋቅ እያደረገ አየና ነገሩን አስረዳኝ። ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ በማዕድን መጠኑ አንድ አይደለም፣ የጉድጓዱ ከበድ ይላል። ቤታ ሁለቱንም ይለምዳል፣ ድንገት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወረወር ነው የሚጎዳው። ማንቆርቆሪያውን ያየው ለዚህ ኖሯል።

እኛ ያሰብነው ገንዳው በዚያው ሳምንት ተሠርቶ፣ ለልደቷ ተሞልቶ፣ ዓሣው በእንግዶች ፊት እንዲገባ ነበር። ልጄ እንዲያውም ማን ጨልፎ እንደሚያስገባው ሳይቀር ወስና ነበር። እሱ ግን እንዲህ አለ፦ "እናቴ፣ ገንዳውን ለልደቷ አደርሳለሁ። ዓሣውን ግን አላስገባውም። የሚቸኩሉ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ አልቀየምም።"

ይህን ልጥፍ የምጽፈው በዋናነት ስለዚህች ንግግር ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ዓሣውን ጨምሮ፣ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ይችል ነበር። ዓሣው በሳምንቱ ቢሞትም ማንም እሱን አይጠይቅም፤ "የዓሣ ነገር እንዲህ ነው" ብለን እንተወዋለን።

ምክንያቱን ለልጄ ቁጭ አድርጎ ነው ያስረዳት። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። የኖረ ገንዳ ውስጥ ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፊልተሩ ላይና ጠጠሩ ላይ ነው የሚኖሩት። አዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም። በራሳቸው እስኪራቡ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እሱ ያደረገው፣ ከራሱ ቤት ከቆየ ገንዳ አንድ ያደፈ ስፖንጅ እርጥብ እንዳለ በፌስታል አምጥቶ ልክ እንደ እርሾ ከአዲሱ ፊልተር ጋር ማስቀመጥ ነው። ልጄ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ገንዳ ውስጥ እንድትጨምር ታዘዘች። ዓሣ የሌለበትን ውሃ ስትመግብ ያዩ የልደት እንግዶች ምን እንዳሉ አልነግራችሁም።

የብርጭቆው ውሃ ደግሞ እስከዚያው ድረስ በየቀኑ በከፊል እንዲቀየር አዘዘ። አዲሱ ውሃ ቀድሞ ባልዲ ላይ ክፍቱን የዋለ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ የገባበት፣ ሙቀቱም ከብርጭቆው ጋር የተስተካከለ መሆን አለበት። ጠብታው ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ነው። ክንፉ መዳን የጀመረው ገና ሳይዛወር፣ በዚህ ብቻ ነው።

ስለ ገንዳው ሥራም ልናገር። 45 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አፉ ድረስ ቢሞላ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለአንድ ቤታ ከ20 ሊትር ያላነሰ በቂ ነው ብሎን ነበር፤ እኛ ነን ከፍ ያደረግነው፣ እሱም ውሃው በበዛ ቁጥር ሙቀቱም ንጽሕናውም ቶሎ አይናወጥም ብሎ ተስማማ። የተጠቀመበት ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ የሌለበት ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው መድኃኒት አለበት፣ ዓሣ ይገድላል። አጣብቆ ሲጨርስም የአቼቶ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ውሃ አላስነካውም። የቴሌቪዥን ማስቀመጫችን ቺፑድ መሆኑን በጣቱ አንኳኩቶ አውቆ "ይሄ አይሆንም" አለ። ውሃው፣ መስታወቱና ጠጠሩ አንድ ላይ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል፣ ቺፑድ ደግሞ ውሃ ከነካው ያብጣል። በመጨረሻ የተቀመጠው ከእናቴ በወረስኩት የወይራ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለጠረጴዛው እኔ ብዙም አልተደሰትኩም፣ ግን ልክ ነበር።

ጠጠሩን ራሳችን ነን ከወንዝ ያመጣነው። አንድ ሁለቱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጎ አየ፤ የሚፍለቀለቅ ድንጋይ ኖራ ስላለበት ውሃውን ይቀይራል። የእኛዎቹ ዝም አሉ፣ አለፉ። በላርጎ ሳይሆን በፈላ ውሃ ብቻ እንድናጥባቸው አዘዘን። ወንድሜ ለጌጥ የገዛውን የፕላስቲክ ዛፍ ሲያይ ደግሞ አሮጌ ስቶኪንግ ጠየቀኝ። ስቶኪንጉን ቅጠሎቹ ላይ ሲያሸው ክሩ ተያዘና ተተለተለ። "የእሱ ክንፍ ከዚህ ይሳሳል" አለና ዛፉን ለልጄ መልሶ ሰጣት። በምትኩ አኑቢያስ የሚባል፣ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ የሆነ ተክል አመጣ። ብዙ ብርሃን አይፈልግም። ግንዱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ ድንጋይ ላይ በክር ነው ያሰረው።

ወገኖቼ፣ ስለ ብርድ ደግሞ አስተውሉ። ቤታ የታይላንድ ዓሣ ነው። እዚያ አገር እንዲያውም በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ተብሏል። ምቾቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያለው አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አባ ቁጣ ከታች ተኝቶ የሚውለው ለካ በርዶት ኖሯል። ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ገባለት፣ ከቴርሞሜትር ጋር። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንዲታጠፍ አደረገው፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲሄድስ? እሱንም ሳንጠይቀው ነው ያሰበበት። የአየር ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ ሰቀለው፣ ቱቦው ላይም ቫልቭ አስገባ፤ አለበለዚያ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፉበት፣ ምግብ አትስጡት አለን። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ ጋቢው ለብሶ ያደረበት ሌሊት አለ፣ ጠዋት ደህና ነበር።

የመዛወሪያው ቀን ሲደርስ መጀመሪያ ውሃውን መረመረ። በትናንሽ የመስታወት ቱቦ ጠብታ ጨምሮ፦ አሞኒያው ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ ናይትራይቱ ውሃ ሰማያዊ። ወደ አረንጓዴና ወደ ሐምራዊ ቢያደላ ኖሮ ተመልሶ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በፊት አንዴ አድርጎታል፣ የትራንስፖርት እንኳ አልጠየቀም። ከዚያ ከቦርሳው የግሉኮስ መስጫ ቱቦ አወጣ፣ ሆስፒታል የምናውቀውን። ባለቤቴ "ልትወጋው ነው እንዴ?" አለ። ዓሣውን ከነውሃው ንጹሕ ሳህን ላይ አድርጎ ከገንዳው ዝቅ አድርጎ አስቀመጠውና፣ ቱቦው ላይ ያለችውን መዘውር እያጠበቀና እያላላ የአዲሱን ውሃ ጠብ ጠብ አደረገበት። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ እጥፍ ሲሆን ግማሹን ደፍቶ እንደገና ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል፣ እሱ ግን ዓይኑን ከጠብታው አልነቀለም።

መረብ አልተጠቀመም፣ ክንፉ ይያዛል ብሎ። በኩባያ አግባብቶ ያዘውና፣ ውሃውን አብዛኛውን አፍስሶ፣ አሮጌው ውሃ ወደ ገንዳው ሳይገባ አዘንብሎ ለቀቀው። መብራቱን አጠፋ፣ ልጄንም "ዛሬ አታስቸግሪው፣ ምግብም ነገ" አላት። አባ ቁጣ ከማሞቂያው ጀርባ ተደብቆ አመሸ። በማግስቱ አንዱን ጥግ ከሌላው ጥግ እየዞረ ሲያስስ ዋለ፣ ላይ ወጥቶም አየር ይጎርሳል። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከላይ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ገንዳው አፉ ድረስ ያልተሞላውም፣ ክዳኑ ሥር ሞቅ ያለ አየር እንዲኖርለት ነው። ክዳኑ ራሱ ግዴታ ነው፣ ይዘላልና።

ያ "ጠባብ ቦታ ይወዳል" የሚለውን ወሬ ስነግረው ሳቀ። አገሩ የሩዝ ማሳ ውስጥ ስለሚኖር ነው እንዲህ የሚባለው፤ ማሳው ጥልቀት የለውም እንጂ ስፋት መች አጣ አለኝ።

አሁን ልጄ ሚስት እናምጣለት ብላ ያዘች። ደወልኩለት። ሴት ቤታ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ "ይነክሳታል፣ አላመጣም" ብሎ ዘጋኝ። ሁለተኛ ወንድማ ጨርሶ አይታሰብም።

እንከን የለውም አልልም። ሰዓት ላይ ደካማ ነው፣ ሦስት ሰዓት ካለ አራት ተኩል ጠብቁት። ዋጋውም ከሌሎች ረከስ ያለ አይደለም። ግን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ከነዋጋው በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ሳንቲም አይጨምርም። እኛ ዘንድ ቀድሞ የነበረ ቴርሞሜትር ስላገኘ ከሂሳቡ ላይ ሰርዞታል።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብከው፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅህ ይባረክ። ያደፈውን ስፖንጅህን ስትወስድ የረሳኸው የግሉኮስ ቱቦህም እኛ ጋ አለ።

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ገንዳው የሚቀመጥበትን ቦታ ለኩ፣ ሶኬት በቅርብ መኖሩን እዩ፣ ውሃችሁ ከየት እንደሚመጣም አጣሩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ጠዋት ገንዳ ስለሚያጥብ ስልክ አያነሣም፣ ከሰዓት በኋላ ሞክሩት።