በወንዙ ዳር የተመዘነ የፍሳሽ ማጣሪያ
የትንሽ ከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ አገልግሎት መመዘን ያለበት በመግቢያው በር ሳይሆን የተጣራው ውኃ ወንዙን በሚቀላቀልበት ቱቦ አፍ ላይ ነው። ያየሁት ማጣሪያ በተከታታይ ኩሬዎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 2 ሜትር በሚጠልቀው ኩሬ ውስጥ አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ባክቴሪያዎችም በዚሁ ኦክስጅን ቆሻሻውን ያብላላሉ። ይህ ሥራ በወንዙ ውስጥ ቢከናወን ኖሮ ለዓሣዎቹ የሚተርፍ ኦክስጅን ባልኖረ ነበር። ጠቁሮና ከርፍቶ የገባው ፍሳሽ ሽታውን ለቆ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ተመልክቻለሁ። ቅር ያሰኘኝ የዝቃጩ ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያው ኩሬ ጥግ ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ ሣር አብቅሏል፤ ኩሬው እንዲህ ሲሞላ ፍሳሹ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር በደንብ ሳይብላላ ያልፋል። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ ዝቃጩ ከተጠረገ አራተኛውን ለመጨመር አላመነታም።